በስትሮክ ምክንያት መዋጥ ስለ ተሳናቸው ሰዎችና ስለ አተነፋፈስ ልምምድ
ለመምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተነገረ



ዛሬ በፊታችሁ የምናገርበት ነገር ሲሰሙት ትንሽ የሚመስል፥ ሲመረምሩት ግን የሰውን ሕይወት የያዘ ነገር ነው። ይኸውም ስትሮክ ከሚባለው ደዌ ተርፎ ምግብና ውሃ መዋጥ የተሳነው ሰው በምን ዓይነት የአተነፋፈስ ልምምድ ሊረዳ እንደሚችል፥ ቤተ ሰቦቹም ከምን ሊጠነቀቁ እንደሚገባቸው ለማስረዳት ነው። ሐኪም ቤት ራቅ ባለበት ስፍራ ሕመምተኛ የተኛበት ቤት ምክር የሚጠይቀው ከመምህሩና ከሽማግሌው ነውና፥ ይህን ለእናንተ መንገር ለብዙ ቤት መንገር ነው። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ የደዌውን ነገር ባጭሩ እንናገር። ስትሮክ ማለት ወደ አንጎል ደም የሚያደርሰው ሥር በድንገት ሲደፈን ወይም ሲፈነዳ የሚመጣ ደዌ ነው። ደም ያልደረሰው የአንጎል ክፍል ሥራውን ያቆማል፤ ስለዚህ የሰውዬው አፍ ይጣመማል፥ በአንድ ወገን ያለው እጁና እግሩ ይዝላል፥ ንግግሩም ይኮላተፋል። ከምክንያቶቹ ዋነኛው ሳይታወቅና ሳይታከም የኖረ የደም ግፊት ነው። እንዲህ ያለ ምልክት የታየበትን ሰው ሳይውል ሳያድር፥ ደዌው የጀመረበትንም ሰዓት አስታውሶ ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ይገባል። በመንገድም ላይ ሳለ ውሃ ቢሆን መድኃኒት ቢሆን ምንም ነገር በአፉ መስጠት አይገባም። ምክንያቱን ከዚህ በታች በምናገረው ትረዱታላችሁ።

የሰው ጉሮሮ እንደ መንታ መንገድ ነው። የአፍና የአፍንጫ መንገድ በስተኋላ በአንድ ስፍራ ይገናኛሉ፤ ከዚያ በታች ግን ለሁለት ይከፈላሉ። በፊት በኩል ያለው ወደ ሳንባ የሚወርደው የአየር ቧንቧ ነው፤ በስተኋላ ያለው ወደ ሆድ የሚወርደው የምግብ ቧንቧ ነው። በአየር ቧንቧው አፍ ላይ ማንቁርት ተቀምጦ እንደ በረኛ ይጠብቃል። ሰው በሚውጥበት ጊዜ ማንቁርቱ ወደ ላይና ወደ ፊት ይነሣል፤ ክዳኑ ይደፋል፤ ድምፅ የሚሰጡት ሁለቱ ሥጋዎች ይጋጠማሉ፤ በዚያችም ቅጽበት እስትንፋስ ይቆማል። ጣታችሁን በአንገታችሁ ፊት ባለው ጠንካራ ስፍራ ላይ አሳርፋችሁ ምራቃችሁን ብትውጡ፥ በረኛው ሲነሣና ሲመለስ በእጃችሁ ታውቁታላችሁ። ይህ ሁሉ ሥራ የሚፈጀው ጊዜ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ጤነኛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚውጠው ትንፋሹን ማውጣት ከጀመረ በኋላ ነው፤ ከዋጠም በኋላ የቀረውን ትንፋሽ ያወጣል። ይህ ታላቅ ጥበቃ ነው፤ የሚወጣው ትንፋሽ በማንቁርቱ በር ላይ የቀረውን ፍርፋሪ ወደ ውጭ ይገፋዋልና። ውጦ ወዲያው ወደ ውስጥ የሚተነፍስ ሰው ግን በሩ ላይ የቀረውን ወደ ሳንባው ይስበዋል። እንግዲህ መዋጥና መተንፈስ በአንድ በር የሚተላለፉ ሁለት መንገደኞች ናቸው፤ አንዱ ሲያልፍ ሁለተኛው ሊቆም ግድ ነው። ተራቸውን የሚያዝዝላቸውም አንጎል ነው። ስለዚህ አንጎል በታመመ ጊዜ ተራው ይፋለሳል።

ይህ መከራ ጥቂት ሰዎችን ብቻ የሚያገኝ አይደለም። ከብዙ አገር የተሰበሰቡ ጥናቶችን በአንድነት የመረመረና በ2005 የታተመ ጽሑፍ እንደሚያስረዳው፥ ስትሮክ ካገኛቸው ሰዎች ውስጥ ሐኪም ቀርቦ ሲመረምራቸው ከመቶ 51 እስከ 55 የሚሆኑት፥ በመሣሪያ ሲመረመሩ ደግሞ ከመቶ 64 እስከ 78 የሚሆኑት መዋጥ ሲቸገሩ ተገኝተዋል። መዋጥ የተቸገረ ሰው ካልተቸገረው ይልቅ 3 እጥፍ ያህል ለሳንባ ምች የተጋለጠ ነው፤ ምግቡ በእውነት ወደ ሳንባው ሲገባ የታየበት ሰው ደግሞ 11 እጥፍ ያህል የተጋለጠ ነው። ከስትሮክ የተረፈ ሰው ከጥቂት ቀን በኋላ በትኩሳትና በፈጣን ትንፋሽ ተይዞ ሲሞት ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው። ደግነቱ ግን ከነዚህ ሕመምተኞች ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ የመዋጥ ኃይላቸው እየተመለሰላቸው ይሄዳል። እንግዲህ የእኛ ድካም ሕመምተኛውን እስከዚያ ድረስ በደኅና ለማሻገርና ኃይሉ እንዲመለስ ለመርዳት ነው።

ሰው ምግብ ወይም ውሃ በአየር ቧንቧው ሲገባበት ትን አለው እንላለን። ትንታ የሚያስጨንቅ ነገር ቢሆንም የሰውነት ዘበኛ ነው፤ ሳሉ የገባውን መልሶ ያስወጣልና። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ድምፅ የሌለው ትንታ ነው። ስትሮክ የጉሮሮን ስሜት ካደነዘዘው፥ ውሃው ወደ ሳንባ ሲወርድ ሕመምተኛው አያስልም፥ ፊቱም አይለወጥም፤ የሚያበላው ሰው ደኅና ዋጠልኝ ብሎ ደስ ይለዋል። ስለዚህ ሳል አለመኖሩን ብቻ አይቶ መታመን አይገባም። የሚታዩት ሌሎች ምልክቶች እነዚህ ናቸው፤ ከዋጠ በኋላ ድምፁ ውሃ እንዳዘለ ሲረጥብ፥ ምራቁ በአፉ ጥግ ሲዝረበረብ፥ ምግብ በጉንጩ ውስጥ ሲከማች፥ አንዱን ጉርሻ ለመዋጥ ደጋግሞ ሲታገል፥ በምግብ ጊዜ ትንፋሹ ሲፈጥን፥ ምክንያቱ ሳይታወቅ ትኩሳት ሲመላለስበትና ሰውነቱ ሲከሳ ነው። ከነዚህ አንዱ የታየበት ሰው በጤና ባለሙያ ሳይመረመር በአፉ ሊመገብ አይገባውም።

ይህን ምርመራ አስቀድሞ ማድረግ ምን ያህል እንደሚጠቅም በአውስትራልያ ታይቷል። በኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት ባሉ 19 ሐኪም ቤቶች በተደረገና በ2011 በታተመ ጥናት፥ ነርሶች ሦስት ነገር ብቻ ተግተው እንዲጠብቁ ሥርዓት ተሰጣቸው፤ ትኩሳትን፥ በደም ውስጥ ያለውን ስኳርና መዋጥን። ከ90 ቀን በኋላ የሞቱት ወይም ሰው ካልረዳቸው መኖር የማይችሉት ሥርዓቱ በተጠበቀበት ስፍራ ከመቶ 42 ሲሆኑ፥ ባልተጠበቀበት ስፍራ ከመቶ 58 ሆነው ተገኙ። ይህ የተገኘው በአዲስ መድኃኒት አይደለም፤ በትጋትና በሥርዓት ነው።

አሁን ወደ አተነፋፈስ ልምምድ እንመለስ። አተነፋፈስን መልመድ መዋጥን በሦስት መንገድ ይረዳል። አንደኛው፥ የትንፋሽ ጡንቻዎች ሲጠነክሩ ሳል ይበረታል፤ ሳል ማለት አየር መሳብ፥ በሩን ዘግቶ ማመቅ፥ ከዚያም በኃይል መልቀቅ ነውና፥ ከሦስቱ አንዱ ቢደክም ሳሉ ባዶ ድምፅ ይሆናል። ሁለተኛው፥ ሰው አንድ የሚከለክለውን ነገር እየገፋ በኃይል ሲተነፍስ ከአገጭ በታች ያሉት ጡንቻዎች አብረው ይሠራሉ፤ እነርሱም በመዋጥ ጊዜ ማንቁርትን ወደ ላይ የሚያነሡት ናቸው። ሦስተኛው፥ ሕመምተኛው የትንፋሹን ተራ ሲያስተውል፥ ውጦ ትንፋሹን ማውጣትን እንደገና ይማራል።

በሠለጠኑ ሐኪም ቤቶች ለዚህ ሥራ አንዲት ትንሽ መሣሪያ አለች። ውስጧ በሞላ የሚገፋ ክዳን አለ፤ ሕመምተኛው በኃይል ካልነፋ ክዳኑ አይከፈትለትም። የሥራው ሥርዓት ብዙ ጊዜ 5 ትንፋሽ 5 ጊዜ እየደጋገሙ፥ በሳምንት 5 ቀን፥ ለ4 ወይም ለ5 ሳምንት ነው። ይህ ልምምድ ፓርኪንሰን የሚባለው ደዌ ባለባቸው 60 ሰዎች ላይ ተፈትኖ በ2010 የታተመው ውጤት፥ አዋዋጣቸው ከቀድሞው ይልቅ ከትንታ የተጠበቀ እንደ ሆነ አስረድቷል። በኮሪያ አገርም ስትሮክ ባገኛቸው ሰዎች ላይ ለ4 ሳምንት ተደርጎ በ2016 የታተመው ጥናት፥ ከአገጭ በታች ያሉት ጡንቻዎች እንደ በረቱና ወደ አየር ቧንቧ የሚገባው ነገር እንዳነሰ ተናግሯል። ነገር ግን እውነቱን ሙሉውን መናገር ይገባል። በሎንዶን ተደርጎ በ2015 የታተመው ጥናት፥ ስትሮክ ካገኛቸው ገና ሁለት ሳምንት ባልሞላቸው ሰዎች ላይ ሲፈትነው፥ በእውነተኛው መሣሪያ የለመዱትም ለማስመሰል ብቻ በተሰጠው የለመዱትም የሳላቸው ኃይል እኩል ተሻሽሎ ተገኘ። እንግዲህ የአተነፋፈስ ልምምድ አጋዥ እንጂ ብቻውን አዳኝ አይደለም፤ ተስፋ ልንሰጥበት እንችላለን፥ ልንምልበት ግን አይገባም።

መሣሪያው በሌለበት መንደር ደግሞ የጤና ባለሙያ ሕመምተኛውን አይቶ ከፈቀደ በኋላ ሊደረግ የሚቻለው ይህ ነው። ሕመምተኛው ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፤ የደከመው ጎኑ በትራስ ይደገፍ፤ እግሩ መሬት ይርገጥ። ጊዜው ከምግብ የራቀ፥ አፉም የጠራ ይሁን።

መጀመሪያው ልምምድ የዝግታ ትንፋሽ ነው። አንድ እጁን በሆዱ ላይ ያኑር። በአፍንጫው ቀስ ብሎ ሲስብ ሆዱ እጁን ይገፋዋል፤ ከዚያም እሳት እፍ እንደሚል ሰው ከንፈሩን አሹሎ፥ ከሳበበት ጊዜ እጥፍ በሚሆን ጊዜ ያውጣ። 5 ጊዜ ይህን አድርጎ ይረፍ።

ሁለተኛው እፍ ማለት ነው። አንድ ሰው ጥቂት ባዘቶ በክር አንጠልጥሎ በፊቱ ይያዝለት፤ ሕመምተኛው በትንፋሹ ያወዛውዘው፤ ሲበረታ ከቀን ወደ ቀን ጥቂት ያርቁለት። አፉ የተጣመመ ሰው ከንፈሩን በጣቱ ደግፎ ሊገጥም ይችላል። ነገር ግን በውሃ ውስጥ በሸምበቆ ማስነፋት አይገባም፤ መዋጥ የተሳነው ሰው ሳያስበው ውሃውን ወደ ውስጥ ሊስበው ይችላልና። በጢስ አጠገብም ማለማመድ አይገባም።

ሦስተኛው የድምፅ ልምምድ ነው። ሕመምተኛው ጥልቅ ትንፋሽ ስቦ፥ እስኪያልቅበት ድረስ አንድ ድምፅ ያርዝም፤ ወይም በአንድ ትንፋሽ ሀ ሁ ሂ ሃ እያለ የቻለውን ያህል ፊደል ይቁጠር። ፊደል ቆጥሮ ያደገ ሽማግሌ ይህን እንደ ጨዋታ ይቀበለዋል፤ ዛሬ አራት ፊደል የደረሰ ሰው ከሳምንት በኋላ ሰባት ቢደርስ መሻሻሉን ራሱ ያውቀዋል።

አራተኛው የሳል ልምምድ ነው። ጥልቅ ትንፋሽ ይሳብ፥ ለቅጽበት ያምቀው፥ ከዚያም ሆዱን ጨብጦ በኃይል ያስል። ሁለት ሦስት ጊዜ ይበቃል፤ በመካከሉ ይረፍ።

አምስተኛው ግን ባለሙያ ባለበት ብቻ የሚደረግ ነው። ይኸውም ትንፋሽን አምቆ መዋጥ፥ ከዋጡም በኋላ ትንፋሽ ሳይስቡ ወዲያው አስሎ እንደገና መዋጥ ነው። ይህ ዘዴ የአየሩን በር አስቀድሞ እንዲዘጋ የታሰበ መልካም ዘዴ ነው፤ ነገር ግን በ2002 የታተመ ጥናት ስትሮክ ባገኛቸው ሰዎች ላይ ሲያደርጉት የልባቸው አመታት ሲዛባ ስላየ፥ ልቡ የታመመ ሰው እንዳያደርገው አስጠንቅቋል። ስለዚህ ከጽሑፍ አንብቦ በቤት መሞከር አይገባም።

በማናቸውም ልምምድ ጊዜ ሕመምተኛው ራሱን ቢያዞረው፥ ደረቱን ቢያመው፥ ወይም ትንፋሽ ቢያጥረው ወዲያው ይቁም። የደም ግፊቱ ያልተገታለት፥ በቅርብ ጊዜም በቀዶ ሕክምና የታከመ ሰው ሐኪም ሳይፈቅድለት በኃይል የሚነፋውን ልምምድ አይጀምር። ሥራው በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እንጂ በአንድ ቀን ብዙ መሆን የለበትም፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ነው።

ከልምምዱ ጋር ሊረሳ የማይገባው የአፍ ንጽሕና ነው። ምራቅ ወደ ሳንባ መውረዱን ፈጽመን ልንከለክለው አንችልም፤ የሚወርደው ምራቅ ንጹሕ እንዲሆን ግን ማድረግ እንችላለን። በጃፓን አገር በ11 የአረጋውያን መኖሪያ ቤቶች ተደርጎ በ1999 የታተመ ጥናት፥ አፋቸው በትጋት ከሚጠረግላቸው ሽማግሎች ከመቶ 11፥ ከማይጠረግላቸው ደግሞ ከመቶ 19 የሳንባ ምች እንደያዛቸው አሳይቷል። እንግዲህ ለስላሳ ብሩሽ ወይም በንጹሕ ውሃ ረጥቦ የተጨመቀ ጨርቅ ይዞ፥ ጥርሱን፥ ምላሱንና በደከመው ወገን ያለውን ጉንጭ ከምግብ በፊትና በኋላ መጥረግ ትልቅ ሕክምና ነው።

በአፉ እንዲመገብ የተፈቀደለት ሰው ደግሞ እንዲህ ይመገብ። ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፤ ተኝቶ አይብላ፤ ራሱንም ወደ ኋላ አያዘንብል። በትንሽ ማንኪያ ጥቂት ይሰጠው፤ የፊተኛውን ሳይውጥ ሁለተኛው አይጨመርለት። ምግቡ በአፉ ሳለ አታነጋግሩት፥ አታስቁትም። ከበላ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀምጦ ይቆይ። ውሃ ቶሎ የሚፈስ ስለ ሆነ ለብዙዎቹ ከወፍራም አጥሚት ይልቅ ያስቸግራል፤ ለእርሱ የሚስማማው ውፍረት ምን ያህል እንደ ሆነ ባለሙያው ይወስን፤ ውሃ የሚያንሰው ሰውም በሌላ ደዌ ይጎዳልና። ትን ባለውም ጊዜ እንደ ልማዳችን ውሃ አጠጡት ማለት አይገባም፤ ወደ ፊት አዘንብሎ እንዲያስል ይተዉት።

ክቡራን ሽማግሎች ሆይ፤ አሁን የምናገረው በተለይ ለእናንተ ነው። በአገራችን ፍቅር የሚገለጠው በማጉረስ ነው። የታመመ ሰው ሲጠየቅ፥ ጠያቂው ሁሉ በሞቴ ይህችን ብቻ እያለ ያጎርሳል፤ እምቢ ያለ ሕመምተኛም እንደ ተቆጣ ወይም ተስፋ እንደ ቈረጠ ይቈጠራል። መዋጥ ለተሳነው ሰው ግን ከፍቅር የተሰጠች አንዲት ጉርሻ የሞቱ ምክንያት ልትሆን ትችላለች። ቤተ ሰቡ ይህን ቢያውቅ እንኳ እንግዳውን ለመከልከል ያፍራል፤ የሚስቱ ቃልም በእኅቱና በወንድሙ ፊት አይሰማም። የሽማግሌ ቃል ግን ይሰማል። በበሩ ላይ ተቀምጣችሁ ይህ ሰው የሚያጎርሰው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሌሎቻችን እጁን ይዘን እናጫውተው ብትሉ፥ ማንም አይቀየማችሁም። ጠበልም ቢመጣ፥ ለመታሻ የሚሆነውንና የሚጠጣውን ለይቶ፥ እስኪድን ድረስ መጠጡን ማዘግየት እንዲገባ ከካህኑ ጋር ተመካከሩ። ሐኪም ለጊዜው በአፍንጫ በሚገባ ቀጭን ቧንቧ ይመገብ ያለ እንደ ሆነም፥ አበቃለት ብላችሁ አታልቅሱ፤ ቧንቧው ጉሮሮው እስኪበረታ ድረስ የሚያሻግር ድልድይ ነውና።

እናንተም መምህራን ሆይ፤ የጉሮሮን መንታ መንገድ በሰሌዳ ላይ ሥላችሁ ለልጆች አስተምሩ። በብዙ ቤት አያቱን ውሃ የሚያጠጣው ትንሽ ልጅ ነው። ያ ልጅ አያቱን ቀና አድርጎ ማስቀመጥንና በጥቂት በጥቂቱ መስጠትን ቢማር፥ በፊደል ቆጠራውም ልምምድ ባልንጀራው ቢሆነው፥ ትምህርት ቤታችሁ ከግቢው አልፎ ቤት ድረስ ደረሰ ማለት ነው። የሚኮላተፍና ምራቁ የሚዝረበረብ ሰው አእምሮው እንዳልጠፋም ንገሯቸው፤ ብዙ ጊዜ ሁሉን ይሰማል፥ ሁሉንም ያስተውላል፤ የሚስቁበትንም ያውቃል።

ነገሬን ሳጠቃልል አምስቱን ቃሎች ብቻ እንድትይዙልኝ እለምናለሁ። ሳይመረመር አይመገብ፤ ተኝቶ አይዋጥ፤ አንድ ሰው ብቻ ያጉርስ፤ አፉ ይጠረግ፤ ትንፋሹ በየቀኑ ይለመድ። እነዚህ አምስቱ ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት ዕውቀትንና ትዕግሥትን ነው። ዕውቀቱን ዛሬ ተቀበላችሁ፤ ትዕግሥቱንም ለቤተ ሰቡ የምታስተምሩት እናንተ ናችሁ።